ሚዛን ጠጋኙ ያልመዘነው ቀስት

ሚዛን ጠጋኙ እናቱ ብትስመው እንኳ ጉንጩ በቦታው መኖሩን ዳስሶ የሚያረጋግጥ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት የነጋዴ ሚዛን ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው ምኑን ይመን? ሥጋ ሻጩ በሩቅ ሲያየው ጣቱን ከሚዛኑ ላይ አይደለም፣ ከእጁ ላይ ነቅሎ ሊሸሽግ ምንም አይቀረው።

አንድ የሚያምነው ነገር ቢኖር ቀስቱ ነው። የሃያ አምስት ኪሎ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጎኑ ላይ ተቀርጿል። ከሦስት ዓመት በፊት ትከሻው ሲታመም፣ "ከዚህ የቀለለ ከያዝኩ እሑድ ዒላማ ልመታ ሜዳ አልወጣም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ካልሲ እጠግናለሁ" ብሎ ማለ። ትከሻው ዳነ። "በገዛ ጥንካሬዬ!" እያለ መንደሩን አሰለቸ።

ሰሞኑን ግን ቀስቱ መንቋቋት ጀመረ። ሚስቱ፣ "ፊትህ ላይ ይሰበራል" ብላ ከነቀስቱ ጎትታ ቀስት ሠሪው ዘንድ ወሰደችው። ቀስት ሠሪው ቀለል ያለ አዲስ ቀስትና ወፍራም ቀጭኑ የተደባለቀ አንድ እቅፍ ፍላጻ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

"እንደምመጣ ማን ነገረህ?"

"ኧረ እንዲያው ነው ጋሼ" አለ ቀስት ሠሪው፣ ሚስትየዋን ላለማየት አንገቱን ሊሰብር እየደረሰ። "አሥራ አምስት ኪሎ ነው። እስቲ ይሞክሩት።"

ከጓሮው የገለባ ዒላማ ፊት ቆሞ፣ ከቤት ያመጣውን ወፍራም ፍላጻ በአዲሱ ቀስት ለቀቀ። ወደ ግራ ሄደ። ሁለተኛውም ወደ ግራ። ልክ እንደ አሮጌው! ሦስት ዓመት ሙሉ ፍላጻው ግራ ግራውን ሲል ነፋሱንና የጎረቤቱን ሳል ሲከስ ኖሯል።

ከእቅፉ አንዷን ቀጭን መዞ ለቀቀ። መሐል ተሰካች።

"ቀላል ቀስት ወፍራሙን አይችለውም ጋሼ፣ ወደ ግራ ይሸሽበታል። ለዚህም ነው የእርስዎም..." ብሎ ቀስት ሠሪው አፉን በእጁ ከደነ።

ረፍዷል። የሚዛን ጠጋኙ ዓይን ጠበበ። 'የኔውስ ከባድ አይደል? ታዲያ ምን ግራ ወሰደው?' ሰው መሐረብ እንደሚይዝ ከኪሱ የማይለየውን ባለ መንጠቆ ሚዛን አውጥቶ ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለ። የከተማውን ዕቃ ሁሉ ሲመዝን፣ የራሱን ቀስት አንድ ቀን መዝኖ አያውቅም። የአሮጌውን ቀስት ጅማት መንጠቆው ላይ አጥልቆ ቁልቁል ሳበ።

አሥራ አራት ተኩል።

"ጅማቱን ላስቀይርልህ እያልሽ የምትወስጂው..."

"እንጨቱን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አስላግኩት" አለች ሚስቱ። "ቀለል ያለ ያዝ ብልህ እምቢ አልክ። ቤት ከዋልክ ደግሞ ጨዌን ሳይቀር ልትመዝንብኝ ነው! አሁን ሳስቷል፤ ከዚህ በላይ አይላግም።"

"እና በመሐላዬ መሠረት ሦስት ዓመት ሜዳ አልወጣሁማ?"

"በየእሑዱ እየወጣህ።"

ካልሲው ታየው። ከዚያ አዲሱን ቀስት ሰቀለ፤ ሳበ፤ ለማረጋገጥ ደግሞ ሳበ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

"ልክ አሥራ አምስት። ከአሮጌው በግማሽ ኪሎ ይበልጣል። ይኸው፣ ወደ ከባድ ተሻገርኩ!"

ቀጫጭኖቹን ፍላጻዎች ለቅሞ በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሁለቱ ዞረ።

"ከእንግዲህ ጅማት የሚቀየረው እኔ ቆሜ እያየሁ ነው። መላጊያውም ከእኔ ጋር ይሄዳል።"