እናቴ ጆንያ ስታዳምጥ

ባለፈው ሳምንት በአንዋር መስጊድ በኩል ሳልፍ፣ አንድ ተሸካሚ የዛላ በርበሬ ጆንያ ከትከሻው ሲያወርድ ኮሽሽ የሚለውን ድምፅ ሰምቼ እግሬ ቀጥ አለ፤ እናቴ ትዝ አለችኝ።

እናቴ መርካቶ ውስጥ በርበሬ ትነግድ ነበር። ክረምት ላይ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ሱቃችን ደጃፍ ቁጭ ብላ በርበሬ እየቀነጠሰች ታጫውተኝ ነበር፤ ጥቅምት አልፎ አዲሱ በርበሬ ሲገባ ግን ጨዋታ የለም፣ ጆንያ በወረደ ቁጥር አፏን ዘግታ ታዳምጥ ነበር። ደንበኞቿ የዓመት በርበሬያቸውን ከፍተው እንኳ ሳያዩ ይወስዱ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ልቧ ይነግራታል» ስለሚል እኔም ትምህርት ቤት እናቴ ነቢይ ናት እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር።

አንድ ኅዳር፣ ለዓመታት በርበሬ ያመጡላት የነበሩት፣ እንደ ወንድም የምታያቸው ጋሼ ሸምሱ አምስት ጆንያ አስወረዱ። ሦስተኛው ሲያርፍ እናቴ ከደንበኛ ጋር የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ ዞረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ይቺን ልቤ አልተቀበላትም። ትዘርገፍ።»

ጋሼ ሸምሱ ከላይ አንድ ዛላ አንስተው ሰበሩ። «ይኸው ደረቅ! ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬ ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

ጎረቤት ተሰበሰበ። አባቴ አፍሮ «ተይ እንጂ፣ ልትቀያየሙ ነው» አላት። ጆንያው ደህና ሆኖ ከተገኘ ወዳጅነታቸው እዚያው እንደሚያበቃ ገባኝ። እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «ትዘርገፍ» አለች ደግማ።

ተዘረገፈች። ላዩ ደረቅ፣ መሃሉም ደረቅ፤ ከታች ግን መኪና ላይ ውሃ ገብቶበት ሻግቶ ተጣብቋል።

«ወላሂ አላየሁም!» አሉ ጋሼ ሸምሱ ራሳቸውን ይዘው። «ለሌላ ሸጬው ቢሆን ስሜ ጠፍቶ ነበር።» ከዚያ ወዲያ እሷ ሳታዳምጥላቸው ለማንም አይሸጡም ነበር። ያን ቀን እኔም ደረቴን ነፍቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ዋልኩ።

በኋላ «ልብሽ እንዴት አወቀ?» አልኳት።

«ልቤ ምን ያውቃል ብለሽ ነው? መጀመሪያ ጆሮዬ ሲሰማ እኮ ነው። ሌሎቹ ኮሽ አሉ፣ እሷ ዱብ አለች።»

ነቢይ አለመሆኗ ሲገባኝ ኩራቴ ባሰብኝ። በዚያ ሁሉ የመርካቶ ጩኸት መሃል፣ ቀን በቀን፣ ለአንድ ጆንያ ጆሮ መስጠት ማንም ያልሰጣት የራሷ ሥራ ነበርና።

እኔ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ እንኳ አልሰማም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኔን ከስልኬ ሳልነቅል «እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ፣ «ደህና» ትለኛለች፣ አበቃ። ትናንት ስልኩን አስቀምጬ ጠየቅኳት። ቃሉ ያው ነው፣ ድምፅዋ ግን ከበደኝ። አጠገቤ አስቀምጫት ዝም ብዬ ስጠብቅ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ስትቀመጥ እንደነበር ነገረችኝ።