ባናችን ስንት ሜትር ነው?

ሞላሌ ላይ ማኅበር ያቋቋምነው አምስት ሆነን ነው። እኔና የባሌ እህት ሱፍ እንፈትላለን። ሁለት ወንድማማች ጎረቤቶቻችን በግ ይሸልታሉ፣ ሱፉን ያጥባሉ። ባናውን፣ ያንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሸምኑት ደግሞ ሁላችንም "አባባ" የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ለጤና ጣቢያዎች ብርድ ልብስ በጨረታ ሊገዛ ነው ሲባል ሰማንና ንግድ ፈቃድ አወጣን። አንድ ነገር ቀረን፤ አነስተኛ አምራች መሆናችንን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት።

"አምራች" መባሉ ይገርመኝ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈትል ኖራ እንዲህ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ምን ቢያዩብን ነው አምራች የሚሉን?

ወረቀቱን ከሚሰጠው ቢሮ ልታየን የመጣችው ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። መደብ ላይ የተደራረበውን ባና ዳሰሰችና፣ "ከገበያ ገዝተው የእኛ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ከመነሻው ልየው" አለች።

"ሌባ መሰልናት እንዴ?" አለችኝ የባሌ እህት በሹክሹክታ። እኔ ግን ልቤ ተነሣሣ። ሴትዮዋ ምን እንደምታይ ማየት ፈለግኩ።

ሱፉ በደጋን ሲነደፍ አየች፣ እንዝርቴን ተቀብላ ሞከረች፣ ክሩም ተበጠሰባት። ከዚያ አባባ ከመሸመኛው ያወረዱትን አዲስ ባና ዘረጋችው።

"ይሄ ለምን ሳሳ?"

"ገና አልተረገጠም፣ ልጄ። በሙቅ ውኃ ሲረገጥ ይጠብቃል፣ ያጥራልም።"

"ምን ያህል ያጥራል፣ አባባ?"

አባባ ክንዳቸውን ባናው ላይ ዘረጉ። ለገበያ ስንሸጥ በክንድ ነበር የምንገምተው።

"ጨረታው በሜትር ነው" አለች። "አጥሮ ከተገኘ ይመልሱባችኋል።"

ወዲያው ውኃ ጣድን። ባናውን በሜትሯ ለካችው፤ እኛም ገንዳው ውስጥ ጨምረን መርገጥ ጀመርን። ቆማ ስታየን ቆየችና ጫማዋን አወለቀች።

"ልግባ?"

"ሱሪዎት ይበላሻል!" አልኳት።

ሰብስባው ገባች። አባባ እየሳቁ፣ "በተረከዝሽ ጫኚ!" ይሏታል፤ እሷም ላብ እስኪያጠምቃት ትረግጣለች። አውጥተን ስንለካው ከክንድ በላይ አጥሯል፤ ያን ያህል ያጥራል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

አባባ ሜትሩን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ደግመው ለኩ።

"ይህን ሁሉ ዘመን ስሸምን የጠየቀኝም የለ፣ እኔም አልጠየቅኩ" አሉ። ቀጥለውም፣ "የጥቁሩ በግ ሱፍስ እንዲሁ ያጥር ይሆን?"

እሷ ከሄደች በኋላ ጥቁሩንም ነጩንም እየረገጥን ስንለካ ሰነበትን። አባባም ድሩን አርዝመው መሸመን ጀመሩ።

ምስክር ወረቀቱ መጣ፤ ተወዳደርንም። ሁሉንም አላገኘንም፤ ከፊሉ ለሌሎች ደረሰ። የእኛን ድርሻ ያስረከብን ዕለት ጓደኞቼ ሲመለሱ እኔ ጤና ጣቢያው ውስጥ ቀረሁ፤ የለበሰውን ሰው ማየት አማረኝ። አንዲት አራስ ባናችንን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች።

"ይሞቃል?" አልኳት።

"ይከብዳል" አለችኝ፤ ጥቂት አሰብ አድርጋም፣ "ግን አትግፈፊኝ።"