የካርቱምን ጦርነት የጠበቅንበት ገመድ

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊዬ አቶ ጌታሁን ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ዓለም አቀፍ ግንኙነት አልኳቸው። «እንግዲያው የሱዳንን ጦርነት አንቺ ያዥው» አሉኝ፣ የመጋዘን ቁልፍ እንደሚያስረክብ ሰው።

ጦርነቱ የጎረቤት አገሮችን የመከላከያ ስልት እየለወጠ ነበር። አንዱ ጦሩን ወደ ድንበር አስጠጋ፣ ሌላው ድሮን ገዛ፣ ሌላው የድንበር ማቋረጫ ዘጋ። ይህንኑ ጽፌ አቀረብኩ። ከእኛ እስከ መተማ ያለውን ርቀትም ጨመርኩበት። አቶ ጌታሁን ርቀቱን ሰረዙት። «ስጋቱን ያሳንሰዋል» አሉ።

የእኛ ስልት ገመድ ሆነ። በአቀስታ መንገድ ኬላ ላይ ተወጠረ። አንዱ ጫፍ ግንድ ላይ ታሰረ፣ ሌላውን ሚሊሻው አህመድ በእጁ ያዘ። ከሱዳን የመጣ ፀጉረ ልውጥ ሁሉ ተይዞ ወደ ደሴ እንዲላክ ታዘዘ።

ለሳምንታት ያለፈው ገብስ የጫነ በቅሎና ሚኒባስ ብቻ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ተያዘ፤ ሰዓዳ፣ የቁርአን አስተማሪው የሸህ ኑሩ ልጅ። ካርቱም ተቀጥራ የምትሠራበት ቤት ሲቃጠል መታወቂያዋም አብሮ ተቃጥሏል።

ሸህ ኑሩ ቢሮ መጡ። «ወላሂ ልጄ ናት» አሉ።

«አንቱን እናምናለን ሸህ» አሉ አቶ ጌታሁን። «ግን መመሪያ ነው፤ ነገ ደሴ ተወስዳ ማንነቷ ይጣራል።»

«ከጥይት ያመለጠችውን ከደጄ ልትመልሱብኝ?»

አቶ ጌታሁን ወደ እኔ ዞሩ። «ባለሙያዋ ታስረዳዎት።»

«ሰዓዳን አውቃታለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«እሱ የግል መረጃ ነው» አሉኝ።

በሰፈራችን ከስደት የተመለሰ ሰው ዱአ ሳይደረግለት ቤቱ አይገባም። ሰዓዳ ከኬላው ገመድ ማዶ ተይዛ ወደ ዱአው መምጣት ስላልቻለች ዱአው ወደ እሷ ሄደ። በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ኬላው ላይ ሰሌን አነጠፉ። ደሴ የሚወስዳት መኪና መንገድ አጥቶ ቆመ።

«አህመድ፣ አሚን በል እንጂ» አለችው አክስቱ።

«ሥራ ላይ ነኝ አክስቴ።»

«አሚን ማለትም ፈቃድ ይጠየቅበት ጀመር?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሸህ ኑሩ ዱአውን ጀመሩ። አሚን የሚባለው ሁለት እጅ ተዘርግቶ ነው። አህመድ ሁለቱንም ዘረጋ፤ ገመዱ መሬት ወደቀ። ሰዓዳ ተራመደችውና ወደ አባቷ ሄደች። ያስቆማት የለም።

አቶ ጌታሁን ይህን ሲሰሙ «የሕዝቡና የጸጥታ ኃይሉ ቅንጅት ተጠናክሯል ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። እኔ አልጽፍም አልኩ፤ ሌላ ሰው ጻፈው።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው፤ የሩቅ ጦርነትን ፈርቶ የሚወጠር ገመድ መጀመሪያ የሚይዘው ከጦርነቱ የሸሸውን ነው። ስጋት የሚጽፍ ባለሙያ ጽሑፉ ማንን እንደሚያስይዝ አስቀድሞ ይጠይቅ።