እህቴን መንገድ ዳር አለቀስንላት

ትናንት ከሰዓት የትውልድ ቀያችን ገረሴ ላይ ታላቅ እህቴን ቀበርን።

በእኛ ደንብ ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ሁሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ እየዞረ ያለቅሳል። አባታችንም እናታችንም የተለቀሰላቸው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው የሁሉም ነው። ትናንት ስንደርስ ግን ዙሪያውን በቀርከሃ ታጥሯል። ፊት ለፊቱ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «የግል ይዞታ ነው። መግባት ክልክል ነው።»

ወዲያው ገባኝ። ዘለቀ ነው። አርባ ምንጭ አማርኛ ያስተማርኩት የገረሴ ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚኖር ሠዓሊ። በቀደም እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ቤቴ መጥቶ አስረድቶኝ ነበር። የጋራ መሬት ያጥራል፤ አጥሩ ራሱ የሥነ ጥበብ ሥራ ነው። ሕዝቡ ተቆጥቶ ሲያፈርሰው ሥራው ይጠናቀቃል። የት እንደሚያጥር አልጠየቅኩትም።

ማንም አላፈረሰውም።

«የዘለቀ ሥራ ነው፤ ሜዳው የግል ባለቤት የለውም። አጥሩን እንደ ሥዕል ቁጠሩት» አልኳቸው።

ጎረቤታችን ጋሽ አንጁሎ አጥሩን ከላይ እስከ ታች አየው። «ሥዕልም ይሁን፣ የተከለው ሰው አለ አይደል? ሰው የተከለውን መንቀል ጎሜ ነው።»

ጎሜ የምንለው መዘዙ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነውር ነው። ሁሉም ከአጥሩ ራቅ አለ።

የእህቴ ልጅ አልማዝ ዓይኗ አብጧል። «አጎቴ፣ ያስተማርከው አንተ ነህ። አንተ ንቀልልን።»

እጄን ቀርከሃው ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር... መለስኩት።

ለዘለቀ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት።

«ነፍስ ይማር፣ መምህር» አለኝ። ከልቡ ነው።

«ንቀሉት በላቸው። ስልኩን ከፍ አድርጌ ላሰማቸው።»

«መምህር፣ እኔ ከፈቀድኩማ ሥራው ይበላሻል። ሳይፈቀድላቸው ነው ማፍረስ ያለባቸው።»

«አያፈርሱም።»

«ታዲያ የት ልታለቅሱ ነው?»

«መንገዱ ላይ።»

«መንገዱ ላይ...» አለ። «መምህር፣ አንድ ሰው ፎቶ ቢያነሳልኝስ?»

መኪና ሲመጣ ወደ ዳር እየተጠጋን፣ ሲያልፍ እየተመለስን አለቀስንላት። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ንዴትም አልመጣልኝም። ቆሜ ሰሌዳውን ሳነብ ነበር... የፊደል ግድፈት ፈልጌ አጣሁበት።

በደንብ ነው ያስተማርኩት።