ለሚስቴ የመጣው ጥቁር አዝሙድ

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቴል ስትመጣ በማር የተለወሰ የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ ይዛ ነው። ብልቃጡን ከፍታ በማንኪያ ለሚስቴ ታጎርሳታለች። በኛ ዘመዶች ዘንድ ልጅ ከዘገየ መድኃኒት የሚፈለገው ለሴቷ ነው፤ ወንዱን ማንም አይጠይቀውም። ሚስቴ ፊቷን ሳታጨማድድ ትውጣለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቀዩን የጠርሙስ ጭማቂዬን እጠጣለሁ።

አየር ጤና ሱቅ አለኝ። የባለሱቅ ምሳ ደግሞ ከመደርደሪያው አይርቅም፦ ቺፕስ፣ በፍል ውሃ የሚደርስ ፓስታ ከነቅመሙ፣ ያ ቀይ ጭማቂ። ለዓመታት የበላሁት ይህንኑ ነው።

በመጨረሻ ሚስቴ መረራት። «አብረኸኝ ካልተመረመርክ እኔም ክሊኒክ ሁለተኛ አልረግጥም» አለችኝ። ሄድን። እሷ ደህና ናት። የኔ ዘር ግን ቁጥሩ ያነሰ፣ እንቅስቃሴውም የደከመ ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሙ ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ መማል እንደማይችል፣ ግን አንዳንድ የምግብ ማቅለሚያና ማጣፈጫ በእንስሳት ላይ ሲሞከር የወንድ ዘር እንደጎዳ፣ አንዳንድ የዕፅዋት ጭማቂም ጉዳቱን እንደቀነሰ አስረዳኝ።

«ጥቁር አዝሙድስ?» አልኩት።

«እሱም ተሞክሯል። በሰው ላይ ግን ማስረጃው ገና ጥቂት ነው። መጀመሪያ የሚጎዳዎትን ያቁሙ።»

አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ግን በራሴ ተናደድኩ።

ቅዳሜ እናቴ ማንኪያውን ወደ ሚስቴ ስትዘረጋ እጇን ያዝኩት። «እማዬ፣ ለኔ ስጪኝ። ተመርምሬያለሁ፤ ችግሩ ከኔ ነው።»

«ዝም በል፣ ጎረቤት ይሰማሃል። የኛ ወገን ወንድ መካን ሆኖ አያውቅም።»

«ይስሙ» አልኩና ጎረስኩት። ማር ተብሎ እንዲህ ይመራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሚስቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትውጥ እንደኖረች ያኔ ገባኝ። እናቴ ነጠላዋን አንስታ ሄደች።

ቀዩን ጭማቂ ከሱቄም አውርጄዋለሁ፤ ሲጠይቁኝ የለም እላለሁ። ልጅ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ ምሳዬን ግን ከቤት እቋጥራለሁ፣ ቀጠሮዬንም አላጓድልም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ሁለት ብልቃጥ ይዛ መጣች። ጥቁሩን እኔ ፊት አስቀመጠችው። ሌላውን ለሚስቴ ሰጠቻት።

«ላንቺ ማሩን ብቻ ነው ያመጣሁልሽ፣ ልጄ።»

መራራውን ስትውጥ አንድ ቀን ያላለቀሰችው ሚስቴ ማሩን ቀምሳ አለቀሰች።