ኒቂያ ከጨንቻ በላይ ነበረች

ኒቂያ የሚባለው አገር ከደጋው ከጨንቻ በላይ፣ ከደመናው ጀርባ ነው ብዬ የማምን ልጅ ሳለሁ፣ ከታች፣ ሲቀላ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከገበያው ኋላ ባለ የቆርቆሮ ግቢ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ አያቴ፣ አጎቴ ቶማ እና እኔ። አባቴ ሳያውቀኝ ሞቷል። እናቴ ሌላ አግብታ ገረሴ ገብታለች። ያሳደገኝ፣ የጫማዬን ክር ማሰር ያስተማረኝ፣ ወባ ሲይዘኝ ጀርባው ላይ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ አጎቴ ቶማ ነው። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ስናደድ ምን እንደተወሰደብኝ እንድታውቁልኝ ነው።

አያቴና ቶማ ሸማኔዎች ነበሩ። ደጃችን ላይ በዳስ ሥር ጎን ለጎን የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች ነበሩን፤ ሸማኔ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ ነው የሽመና ዕቃውን እየረገጠ የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የሁለቱ መወርወሪያ ከወዲያ ወዲህ ሲል፣ አንዱ ሌላውን የሚጠራ ይመስል ነበር። ሲመሻሽ ክር ከክር አይለይምና ሥራው ይቆማል። ያኔ አያቴ እግሩን ከጉድጓዱ ሳያወጣ ወሬውን ይጀምራል። ለቢምቢው ብለን ፍሙ ላይ የኒም ቅጠል እንጨምራለን፤ ጭሱ መራራ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ኩራዟ ድሩ ላይ ተንጠልጥላ ነጩን ክር ቢጫ ታደርገዋለች። የጎረቤት ልጆች ኩርኩፋቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ በቆሎውን ከሽፈራው ቅጠሉ ጋር እያላመጡ መጥተው ይኮለኮላሉ።

አያቴ የጅብና የቀበሮ ተረት ያውቅ ነበር፤ ከከተማችን በታች ያለው ሐይቅ ውስጥ ስላለው አዞም ብዙ ያውቅ ነበር። ግን ድምፁ የሚለወጠው የሦስት መቶ አሥራ ስምንቱን ሊቃውንት ሲያወራ ነው። በልጅነቱ ጨንቻ ላይ ቄሶች ዘንድ ጥቂት ዓመት ተምሮ ነበር፤ የተማረውን ግን የነገረን በራሱ አገር አስቀምጦ ነው። ኒቂያን ሲነግረን ዱቡሻ አድርጎ ነው፤ ዱቡሻ ማለት የጋሞ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሣር ሜዳ ነው። ሊቃውንቱ በሙሉ ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ለእምነቱ ዓይኑ የወጣ ነው፣ አንዱ እጁ የተቃጠለ ነው። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ እንደኛ ሃላቃ፣ እንደ አገሩ ሹም፣ ዱላውን ይዞ ቆሟል። መሀል ላይ አርዮስ አለ። አርዮስ «ወልድ ፍጡር ነው» ይላል። እኛ ልጆች በአንድ ላይ «ኧረ!» እንላለን። ከዚያ ሊቃውንቱ ሥላሴን አጽንተው አርዮስን ያባርሩታል፤ መጨረሻውም ሆዱ ተቀድዶ መሞት ነው። እኛም ደስ ይለናል፤ ኩርኩፋችንን እንጨርሳለን።

ችግሩ አያቴ ራሱ በሌላ ቀን የዱቡሻን ሕግ የነገረን መሆኑ ነው። ዱቡሻ ላይ ሰው ሳይጨርስ አይቋረጥም። ጥፋተኛም ቢሆን፣ ቀጣፊም ቢሆን፣ «ጨረስኩ» እስኪል ይሰማል፤ ካልተስማሙም ሌላ ቀን ይቀጠራል እንጂ ሰው አይጣልም። እኔ ሁለቱን አገናኘኋቸው።

«አባባ፣ አርዮስን አስጨረሱት?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ንግግሩን ነዋ። ለምን እንደዛ እንዳለ ተናገረ?»

«ሰይጣን ነው ያናገረው፤ ሌላ ምን ለምን አለው!»

«ሰይጣንም ቢሆን ዱቡሻ ላይ...»

ፍሙን የሚቆሰቁስበት እንጨት ጆሮዬ አጠገብ አልፎ ቆርቆሮው ላይ ጮኸ። «አንተ የማን ልጅ ነህ? ይሄ የላም ጉዳይ መሰለህ?» ከወዲያኛው ጉድጓድ ቶማ ሳቀ። «አባባ፣ ልጁ የጠየቀው እኮ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። አያቴ ወደሱ ዞሮ አፈጠጠበት። ያኔ ያ ማፍጠጥ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አሁን ግን ቶማ ጥያቄውን ከኔ ወስዶ ወዴት እንደሄደበት ሳስብ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው እላለሁ፤ ቆየት ብዬ ደግሞ፣ ለምን የኔ ምላስ ይቆረጣል? መልስ ያጣው ሌላ ሰው አይደለም እንዴ? እላለሁ።

ቶማ ማንበብ ጀመረ። ጋቢ የሚረከበው አንድ ነጋዴ በኢየሱስ ስም ብቻ ከሚያጠምቁት ወገን ነበርና፣ በራሪ ወረቀት እያመጣለት፣ ማታ ማታ አብረው እየተቀመጡ ሲነጋገሩ ከረሙ። አንድ እሑድ ቶማ ልብሱ እንደራሰ ከኩልፎ ወንዝ መጣ። አያቴ ዳሱ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«የት ወደቅክ?»

«አልወደቅኩም። ተጠመቅኩ።»

«ተጠምቀህ የለ እንዴ? እኔ ነኝ አቅፌ ያስጠመቅኩህ። ደግሞ በማን ስም?»

«በኢየሱስ ስም።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ተረት ቀረ። ሲመሻሽ ፍም ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ይነሣል፣ ልጆቹ ይመጣሉ፣ የሚሰሙት ግን ሁለት ሰው ሲሰዳደብ ነው። ቶማ «ሥላሴ የሚለውን ቃል ከዘፍጥረት እስከ ራእይ አውጥተህ አሳየኝ፣ አሁኑኑ እመለሳለሁ» ይላል። አያቴ «ማቴዎስ መጨረሻ ላይ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ያለው ለማን ነው? ለበሬ ነው?» ይለዋል። «ስም አለ እንጂ ስሞች አላለም! ስሙ ደግሞ ኢየሱስ ነው!» «ፀሐይ ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት፤ አንተ ደንቆሮ፣ ስንት ፀሐይ አየህ?» «አባባ፣ ያንተን ሥላሴ ንጉሥ ነው የፈጠረው፤ ቆስጠንጢኖስ ነው በጉልበት የጫነው!» ይሄን ሲሰማ አያቴ ይነሣል፣ አንድ ቃል ይለዋል፤ «አርዮስ!»

ስሙ ተለጠፈበት። ጎረቤት አወቀው፤ ልጆቹ ቶማን ሲያዩ «አርዮስ መጣ!» እያሉ ይሮጡ ጀመር፤ እኔም አንድ ቀን አብሬ ሮጬ አውቃለሁ። ሆዱን እያየሁ፣ መቼ ይሆን የሚቀደደው እያልኩ ያልተኛሁበትም ቀን ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ እኮ ነኝ። ያሳደገህ ሰው ሆዱ ተቀድዶ ይሞታል ብለው ሲነግሩት የሚያምን ልጅ።

ከላይ፣ ከጨንቻ በኩል፣ የአያቴ አገር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ሊያስታርቁ መጡ። በኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ሰይፍ የመዘዘ እንኳ ይመልሳል። አያቴ ግን «ይሄ የሰው ጠብ አይደለም፣ የእግዜር ነው፤ እናንተ አታዩትም» አለ። ያኔ ተስፋዬ ሁሉ ቶማ ላይ ቀረ፤ እሱ ይንበረከካል ብዬ ነበር። ቶማ ደግሞ «ሦስት አምላክ በሚመለክበት ቤት አልንበረከክም» አለ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን እንደያዙ ወጡ። ሁለቱም ያኔ ያሸነፉ መስሏቸው ነበር፤ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ፣ አንዱ ካንዱ አይለይም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቶማ ገበያ ሳለ አያቴ አካፋ ሰጠኝ። «ድፈነው» አለኝ፣ ወደ ቶማ ጉድጓድ እያሳየ። አለቀስኩ፤ አልሰማኝም። የቶማ ተረከዝ ግድግዳውን ሲመታ የሠራው ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበር፤ አፈሩ መጀመሪያ እሱን ሞላ። ቶማ ሲመለስ መሬቱ ተደልድሏል፣ ዕቃው ተጠቅልሎ በር ላይ ተቀምጧል፣ እኔ አካፋውን ይዣለሁ።  እጄን አየ፣ አፈሩን በመዳፉ አራገፈልኝ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ጂንካ ሄደ። ምነው በመታኝ!

ትምህርቱም ከዚያ ወዲያ አልሆነልኝም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ለምን መጣህ ለምን ቀረህ የሚለኝ ሰው አልነበረማ። ገበያ ዕቃ ተሸከምኩ፣ መናኸሪያ ተሳፋሪ ጠራሁ፣ አሁን ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ስለ ሥላሴ ያልሰማሁት የለም። ተማሪው ከኋላ ተቀምጦ የቲክቶክ ክርክር ከፍቶ ይሰማል፤ አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው ይስቃል፣ ስጦታ ይዘንባል። እኔ መሪውን እጨብጣለሁ። ለነሱ ጨዋታ ነው፤ ለኔ ቤት ነው የፈረሰው።

አንድ ቀን ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ሽቅብ ስወጣ፣ እዚህ ብዙ ዓመት ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ የጎጃም ሰው ይዤ ነበር። ሬዲዮ ላይ ሰባኪ አርዮስን ሲያነሣ ተናድጄ ዘጋሁት። «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለማላውቀው ሰው እንዲህ ስዘረግፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከባጃጁ ሳይወርዱ ቆይተው፣ «አያትህ ቶማን ማን ነው ያሉት?» ብለው እንደገና ጠየቁኝ።

«አርዮስ።»

«ስማ፣ አርዮስ ወልድን ከአብ ዝቅ አድርጎ ፍጡር ያለ ነው። አጎትህ ደግሞ ከኢየሱስ በቀር አምላክ የለም የሚል ነው። ተቃራኒ ናቸው እኮ! የአጎትህን ነገር የሚመስል የተናገረ ከአርዮስ በፊት ሰባልዮስ የሚባል ሰው ነበር። አርዮስ አጎትህን ቢያገኘው ራሱ ይጣላው ነበር።»

«ታዲያ አጎቴ ነው ልክ?»

«እሱም ንጉሡ ፈጠረው ማለቱ ስህተት ነው። ሥላሴ የሚለውን ቃል ንጉሡ ከመወለዱ በፊት የጻፉት አሉ። ንጉሡ ጉባኤውን ጠራ፤ አርዮስን አጋዘ፤ እውነት ነው። ግን ኒቂያ ላይ ዋናው ክርክር የወልድ ነበር፤ የመንፈስ ቅዱስ ነገር በሌላ ጉባኤ ነው የተቋጨው፤ በመሀል ደግሞ ስንት ዘመን ተጨቃጨቁ። ከሐዋርያት ጀምሮ የነበረ እምነት ነው፣ ኋላ ቃል ተገኘለት የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ቀስ እያለ ነው ያደገው የሚሉም አሉ። የተማሩት ዛሬም አልጨረሱትም። እኔ በሥላሴ አምናለሁ፤ ግን ልጄን በዚህ አላባርርም።»

ወረዱ። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። እንግዲህ አስቡት። አንድ አባት ልጁን በሌላ ሰው ስም አባረረ። አንድ ልጅ አባቱን በሰማው ወሬ ናቀ። የተማሩት ያልጨረሱትን ነገር ሁለት ሸማኔዎች ኩራዝ ሥር ጨርሰው ተነሡ፣ አካፋውን ግን የያዝኩት እኔ ነኝ! ሰውን ከቤት ስታወጣ ቢያንስ ምን እንዳለ አትሰማም? በማን ነው የምናደደው? በቄሱ? በሰባኪው? በነጋዴው? ሁሉም የየራሱን ተረት እስከሚያምርበት ድረስ ነግሮ፣ ቀሪውን ዘግቶ ሄደ።

አያቴ አሁን አልጋ ላይ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል። ቶማ ስልክ ከያዝኩ ወዲህ በየሳምንቱ ለኔ ይደውላል፣ «ሽማግሌው እንዴት ነው?» ይለኛል፣ «ደህና ነው» እለዋለሁ፤ አያቴ ከአልጋው «ማነው?» ይላል፣ «ደንበኛ ነው» እለዋለሁ። ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት! ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሲደውል ሰለቸኝ። ለማንም ሳልነግር ድምፅ ማጉያውን ተጭኜ ስልኩን አያቴ ደረት ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንቴ? ሽማግሌው በላ?» አለ ቶማ፣ በስሜ ጠርቶኝ።

 አያቴ ምን አለ ብትሉ፣ «ዛሬም ‹ብቻ› ነው የምትለው?» አለ።

ቶማም ወዲያው፣ «ዛሬም ቃሉን አላሳየኸኝም» አለ።

ያኔ ፈነዳሁ። «ዝም በሉ! ሁለታችሁም ዝም በሉ! አባባ፣ አርዮስ ያልከው ሰው አርዮስ አይደለም፤ የአርዮስ ተቃራኒ ነው፣ ስሙን እንኳ ሳታውቅ ነው ያባረርከው! አንተም ቶማ፣ ንጉሥ አይደለም የፈጠረው፣ በራሪ ወረቀት አንብበህ ነው አባትህን የተውከው! እግዜር አንድም ይሁን ሦስትም እኔን አልጣለኝም፤ የጣላችሁኝ እናንተ ናችሁ! ሰባተኛ ክፍል ላይ ስቀር ማናችሁ ጠየቃችሁኝ?»

 ስልኩን ማንም አልዘጋውም። እንደተከፈተ ትቼው ወጣሁና ደጅ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከልጅነቴ የቀረልኝ ምን እንደሆነ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ጭሱም አይደለም፣ ተረቱም አይደለም፤ ይሄ ንዴት ነው፣ ማንም እንዲወስድብኝም አልፈልግም።  ከዚያ በቆርቆሮው በኩል የአያቴ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ሃይማኖት በሌለበት ድምፅ።

«ቶማ፣» አለ፣ «ድምፅህ አርጅቷል።»