ጀርባዋን ያዋሰችኝ የሐርቡ ሴት

በዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ደሴ ውስጥ ቅመም የሚነግዱ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ አንዲት እናት፤ እማማ እንላቸው ነበር። አንዲት አስተማሪ። ከአንድ ቤት አብረው የተያዙ ሁለት እህትማማቾች። ከሐርቡ የመጣች ፓፓያ ሻጭ። እኔ። ከውጭ ደግሞ በሩን የምትከፍትና የምትዘጋ አንዲት ወጣት ፖሊስ ነበረች። ስማቸውን የማልጽፈው ረስቼው አይደለም። አንዳንዶቹ ሱቃቸውን ከፍተው፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ነው። በእኔ ጽሑፍ የተነሳ ማንም ሰው በራቸውን እንዲያንኳኳ አልፈልግም።

እኔ የተያዝኩት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቴ ነው። ከዚያ በፊት ከሰፈሩ እናቶች ጋር ሆነን ወደ መንግሥት ቢሮ ሄደን ነበር። ከሰፈራችን የተወሰዱት ልጆች የት እንዳሉ ንገሩን ብለን ጠየቅን። የእኔ ልጅ ቤቷ ነበረች። የጎረቤቴ ልጅ ግን ከተወሰዱት አንዱ ነበር፤ እናቱ ብቻዋን መሄድ ስለፈራች ነው አብሬያት በባጃጅ የሄድኩት። ጥያቄያችን ያስቀየመው ሰው ነበር መሰለኝ።

ከዓመታት በፊት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ጀርባዬ ተጎድቷል። ሐኪሞቹ ሕብለ ሰረሰር የሚሉት ነው የተጎዳው። እግሮቼ ትንሽ ይታዘዙኛል፤ በሁለት ክራንች ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ መንገድ እደርሳለሁ። ስሜት ግን ከወገቤ በታች የለኝም። ፍም ላይ ብቀመጥ አላውቅም።

ሊወስዱኝ የመጡት ሰዎች ክፉ አልተናገሩኝም። ልጄ ሦስቱን ትራሶቼን አንሥታ ስትመጣ አንደኛው፣ «ትራስ ምን ያደርግላቸዋል? ማታ ቤታቸው ነው የሚያድሩት» አላት። ልጄ ትራሶቹን መልሳ አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። ያን ጊዜ አላለቀሰችም። እኔም ዞሬ አላየኋትም፤ ካየኋት እንደማልሄድ አውቅ ነበር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። የደሴን ብርድ ለብሼ የወጣሁት ሴት ኮምቦልቻ ስንደርስ ልብሴ ላዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ላብ ደግሞ ለእኔ ጠላት ነው፤ ቆዳ ያላላል። ያስገቡኝ በፊት የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሽታው የከረመ ማሽላ። ፖሊሷ በር ላይ ክራንቾቼን ተቀበለችኝ።

«ብረት አይገባም።»

«ያለ እነሱ መቆም አልችልም።»

«ውስጥ የሚቆም ሰው የለም፤ ሁሉም ተቀምጦ ነው» አለችኝ። እንደ ማጽናኛ ነበር የተናገረችው።

ግድግዳውን ይዤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ የሐርቡዋ ሴት ብድግ ብላ በብብቴ ሥር ገባች። አልጠየቀችኝም። ተሸክማኝ ማለት ይቻላል ወደ ውስጥ አስገባችኝ።

እንደ እኔ ላለ ሰው መተኛት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጤነኛ ሰው ተኝቶ ሳለ ጎኑን ሲያመው ሳያውቀው ይገላበጣል። እኔን አያመኝም፤ ስለዚህ አልገላበጥም። አጥንቴ የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ዝም ብሎ ይሞታል። ቤቴ ሳለሁ አንዱን ትራስ በጉልበቶቼ መሐል፣ አንዱን ከጀርባዬ፣ አንዱን ከባቴ ሥር አደርጋለሁ፤ ተረከዜ አየር ላይ ይቀራል። ልጄ እየተነሣች ታዞረኛለች። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ አንዲት ነርስ፣ «በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱን አትጠብቂ። ይጠቁራል፣ ይሞቃል፣ ይጠጥራል። በእጅሽ ጀርባ ዳስሺው» ብላ አስተምራኛለች። ከጎኔ ተኝታ የነበረችው ሴት ከቤቷ ስትመጣ ቁስሏ አጥንት ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አልጋ በሕይወት አልተነሣችም። እኔ ከምርመራውም ከፍርዱም ይልቅ የፈራሁት ይህን ነበር። ልጄ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።

ይህንን ሁሉ ለማያውቁኝ ሴቶች መናገር አፈርኩ። ጀርባዬን ያመኛል ብቻ ነው ያልኳቸው። እማማ ሰምተው ዝም አላሉም። ሻሻቸውን ፈተው ጠቀለሉት፤ ከሁለቱ እህትማማች ልጆች ከአንደኛዋ ነጠላ ጋር ገመዱትና እንደ ገንቦ ማስቀመጫ ክብ ማቶት ሠሩልኝ። ከመቀመጫዬ ሥር አስገቡት።

«ይኸው፣ መሐሉ ባዶ ነው። አጥንትሽን ምንም አይነካውም። ገንቦ እንኳ በማቶት ላይ ሲቀመጥ ያርፋል።»

እጃቸውን ሳምኩ። ሻሽ የሌለው ሽበታቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ሲቀመጡ አየሁ። ከዚያ በኋላ አልተመቸኝም ብዬ እንዴት ልናገር? በዚያ ላይ ተመቸኝ አልተመቸኝ እኔም አላውቀውም።

ክፍሉ ሁላችንንም ዘርግቶ ስለማያስተኛ በፈረቃ ነበር የምንተኛው። እኔ የደረሰኝ ከምሳ በኋላ፣ ሌሎቹ ነቅተው ሲቀመጡ ነው፤ እግሬ ስለሚዘል የተኛ ሰው እንዳልመታ። ስተኛ በራሱ ይፈራገጣል፣ እኔ አላዘውም። በመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋን ጉልበቷ ላይ መታኋት።

«እትዬ» አለችኝ ጉልበቷን እያሸች፣ «ለየትኛው ክለብ ነበር የሚጫወቱት?»

ከገባሁ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ይህቺው አስተማሪ ስለ ሐርቡዋ ሴት አስጠንቅቃኛለች። «ብዙ ትጠይቃለች፤ የእነሱ ጆሮ ልትሆን ትችላለች፣ ይጠንቀቁ» ብላኛለች። እኔም እፈራት ነበር። ጠያቂ የላት፣ ስንቅ አይመጣላት፣ ግን የሁሉንም ጉዳይ ማወቅ ትፈልጋለች። ለምን እንደ ታሰረች ስትጠየቅ፣ «አውቶቡስ ላይ ለነበሩ የተራቡ ልጆች ፓፓያ ብሰጥ፣ ያለ ክፍያ ለምን ሰጠሽ ተባልኩ» ትላለች። ማን ያምናል? እኔም አላመንኩም።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ባነሣሁት በዚያ ቀን ከምሳ በኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እታለም፣ እንቅልፍ አላየሁብሽም። ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ?»

«ችግሩ አለማመሙ ነው።»

ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ጠያቂ ሴት ዝም ስትል ሰው ይናገራል። ነገርኳት። ስለ ነርሷ፣ ከጎኔ ስለነበረችው ሴት፣ ስለ ትራሶቹ፣ ስለ ልጄ። ስጨርስ፣ «ታዲያ ማን ነው የሚያይልሽ?» አለችኝ።

«እዚህ ማንም የለም።»

«ዙሪ በይ። ወላሂ ለማንም አልናገርም።»

ልጆቹ ነጠላ ዘርግተው ያዙልኝ። አስተማሪዋ ፊቷን አዞረች። ጆሮ ናት ለተባለች ሴት ገላዬን መስጠት ከበደኝ፤ ግን ቁስሉ ከጆሮ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። በእጇ ጀርባ እንድትዳስስ ነገርኳት።

«ይሞቃል» አለች።

«የት ላይ?»

«ዙሪያውን። ክብ ሆኖ ጠቁሯል።» ጎንበስ አለች። «ልክ ገንቦ የተነሣበት መሬት ይመስላል።»

ሁላችንም ማቶቱን አየነው። እማማም አዩት።

«ተከፍቷል?» አልኳት።

«አልተከፈተም። አብሽሪ፣ አልተከፈተም።»

«እኔ ለክፋት ብዬ ነው?» አሉ እማማ። «ዕድሜ ልኬን ገንቦ ስሸከምበት አንድ ቀን አልሰበርኩም።»

«ገንቦ ደም የለውማ፣ እማማ» አለቻቸው የሐርቡዋ ሴት። « ይቺ ዙሪያዋን ስትታሰር መሐሏ በምን ይጠጣ?»

እማማ ማቶቱን ከኋላዬ አነሡት። ተኮሳትረዋል። ሁላችንም ይቆጣሉ ብለን ጠበቅን። ጠምዝዘው የሠሩትን ሻሽ ቀስ እያሉ ሲፈቱ ቆዩና፣ «አፉ በይኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሐርቡዋ ሴት ዞረው፣ «አንቺ ምላሳም፣ አሁን በምን እናስተኛት?» አሏት።

ፍለጋው ተጀመረ። እማማ በቀኝ ጎን መተኛት ሱና ነው ብለው በቀኜ አስተኙኝ። የዳሌ አጥንቴ ሲሚንቶው ላይ ቆመ። በግራዬ ሞከሩ፤ እሱም ያው ነው። በጀርባዬ ሲያንጋልሉኝ የጠቆረው ቦታ ላይ አረፍኩ። የሚያስፈልገኝ በጎንና በጀርባ መሐል ያለው ነው፤ ዘንበል ያለው። ለዚያ ደግሞ ከኋላ የማይሸሽ ነገር ያስፈልጋል። ልብስ ጠቅልለው ደገፉኝ፤ ልብሱ ቀስ በቀስ ተደፍጥጦ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ግድግዳውን ሞከርን፤ ቆርቆሮው በዚያ ሰዓት ያቃጥላል።

«ይቆይ፣ ይብቃችሁ» አልኩ። ደክሟቸው ነበር።

የሐርቡዋ ሴት ግን ብድግ አለች። ከኋላዬ መጥታ ጀርባዋን ወደ ጀርባዬ አድርጋ ተጋደመች።

«ተደገፊኝ።»

«ይከብድሻል።»

«የፓፓያ ሳጥን ስሸከም ያደግሁ ነኝ። አንቺ ምንሽ ይከብዳል? ተደገፊኝ ብያለሁ።»

ተደገፍኳት። አልሸሸችም። እማማ የተፈታውን ሻሻቸውን አጥፈው በጉልበቶቼ መሐል አስገቡ። ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው ከባቴ ሥር አደረጉ። እማማ በተረከዜና በወለሉ መሐል እጃቸውን አሳለፉና፣ «ያልፋል» አሉ። ዳሌዬንም የጭራ አጥንቴንም የሚጫነው አልነበረም። ከወገቤ በላይ ስለሚሰማኝ የሐርቡዋ ሴት ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ትከሻዬ ላይ ይታወቀኝ ነበር። እየቆጠርኩት ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ የፖሊሷ ድምፅ ነው።

«ቆጠራ! ሁላችሁም ተነሡ፣ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ!»

ሁሉም ተነሡ። ከኋላዬ ያለችው አልተነሣችም።

«አንቺ፣ አትሰሚም?»

«እሰማለሁ።»

«ታዲያ ተነሺ።»

«እኔ አሁን ሰው አይደለሁም፤ ትራስ ነኝ። ትራስ ደግሞ አይቆጠርም።»

ከልጆቹ አንደኛዋ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። አልነሣም ያለ ሰው ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ሲውል አይተናል።

«ተዪ፣ እነሣለሁ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ተኚ» አለችኝ።

ፖሊሷ ገብታ ቁልቁል አየችን። ክራንቾቼን የተቀበለችኝ እሷ ናትና እግሬን ታውቀዋለች። እማማ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ፣ «አንድ ከጎደለሽ እኔን ሁለት ጊዜ ቁጠሪኝ። ውፍረቴ ይበቃል» አሏት።

ፖሊሷ ከንፈሯን ነከሰች። በጣቷ ከወዲያ ጀምራ ቆጠረች፤ እኛ ጋ ስትደርስ ጣቷ ትንሽ ቆመ።

«ትራሱንም ቆጥሬዋለሁ» አለችና በሩን ዘጋች።

ስትሄድ አስተማሪዋ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። «ጆሮ ከሆነችም» አለች ጮክ ብላ፣ «ደህና ጀርባ አላት።»

«ጆሮማ አለኝ» አለቻት የሐርቡዋ ሴት። «ለዚህ ነው ስታሚኝ የሰማሁሽ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲያ ተኛሁ። በየቀኑም እያየች ትነግረኛለች፤ አልተከፈተም፣ ግን ይሞቃል። ዛሬም ይሞቃል። ትንሽ ለስልሷል፣ ግን ይሞቃል።

አንድ ቀን ተደግፌያት ሳለሁ ፖሊሷ በሩን ከፍታ ስሟን ጠራች። «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» አለቻት። ዕቃ አልነበራትም። ብድግ ብትል እኔ ወደ ኋላ እንደምወድቅ ታውቃለች፤ አልተንቀሳቀሰችም። «እማማ፣ ይምጡልኝ» አለች። እማማ መጡ፣ ተጋደሙ፣ ጀርባቸውን አስጠጉ። እሷ ቀስ እያለች ከመሐላችን ወጣች። ፖሊሷ በሩን ይዛ ጠበቀች፤ አላጣደፈቻትም።

«ወደ ግራ ስታዞሯት የጉልበቷን ሻሽ አትርሱ» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ወዴት እንደ ወሰዷት ጠየቅን፤ አልነገሩንም።

እሷ ከሄደች በኋላ እማማ ናቸው የሚያዩልኝ። አንድ ቀን እጃቸውን እንዳስቀመጡ ዝም አሉብኝ። ፈራሁ።

«ምንድን ነው?»

«ቆይ እስቲ።» እንደገና ዳሰሱት። «በርዷል። አልሐምዱሊላህ፣ በርዷል።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ። ያን ቀን የቀረበልኝን ምግብ ሁሉ በላሁ።

ሲፈቱኝ ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ ክራንቾቼን ግን መለሱልኝ። ቤት እንደ ደረስኩ ልጄ በሩን ዘግታ ልብሴን አወለቀችና በስልኳ መብራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ምንም የለም፣ እማ» አለች። ደጋግማ አለችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ሦስቱን ትራሶች አስተካክዬ እስከ ረፋድ ተኛሁ።

አሁን ደህና ነኝ። ቆዳዬ ደህና ነው፤ እንቅልፌም ተመልሷል። አንዳንድ ቀን ስነቃ ከኋላዬ ያለው ትራስ ስለማይተነፍስ ግር ይለኛል፤ ወዲያው ቤቴ መሆኔን አውቃለሁ፣ ደስ ይለኛል። ከልጄ ጋር ሆነን ሐርቡ ድረስ ሄደን ነበር። አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ፓፓያ የሚሸጡት ሴቶች ያውቋታል። ሴቶቹ የፓፓያው ነገር እውነት መሆኑን ነገሩኝ፤ እነሱ ፊት ነው የሰጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አላዩዋትም። ከዚያ በላይ መጠየቅ ለእነሱ መጥፎ እንዳይሆን ፈርቼ ተመለስኩ።

ረጅም፣ ጠይም ሴት ናት። የምትሠራው በግራ እጇ ነው። ስትስቅ አፏን በሻርፗ ጫፍ ትሸፍናለች። ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ወይም አብራችኋት ታስራችሁ ከነበረ፣ ይህን ጽሑፍ ለሰጣችሁ ሰው ንገሩት፤ እኔ ዘንድ ይደርሳል። በሕይወት መኖሯን ብቻ ባውቅ ይበቃኛል። ካገኛችኋት ደግሞ በርዷል በሏት። ሳታውቅ ነው የሄደችው።